ግንዱ የያዘው ዓመት

በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ከቦስተን ወደ ደቡብ ምዕራብ ብዙም ሳይርቁ ዴድሃም የምትባል ከተማ አለች። በዚያ፣ አስፋልትና አዳዲስ ቤቶች በከበቡት ግቢ ውስጥ፣ ጣሪያው መሃሉ ላይ የሰመጠ፣ ግድግዳውን ቀለም ያልነካው፣ ዝናብና ፀሐይ ያጠቆረው የእንጨት ቤት ቆሟል። የፌርባንክስ ቤት ይባላል። የገበሬ ቤት ነው። ገዥ አልኖረበትም፤ ጦርነት አልታወጀበትም፤ ውል አልተፈረመበትም። የሚያስከብረው ዕድሜው ነው። በሰሜን አሜሪካ በእንጨት አጽም ተሠርተው እስከ ዛሬ ከቆሙትና ዕድሜያቸው በምርመራ ከተረጋገጠላቸው ቤቶች መካከል እሱን የሚቀድመው የለም። እንዴት ተረጋገጠ? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እሱ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የታተሙ ፖስታ ካርዶች ከቤቱ ፎቶግራፍ ሥር 1636 የሚል ዓመት ጽፈዋል። ቁጥሩ የመጣው ከቤተሰቡ አፍ ነው፤ አያት ለአባት፣ አባት ለልጅ ሲያወርሰው የኖረ። ዴድሃም ራሷ የተቆረቆረችውም በ1636 ነው። ሁለቱ ልደቶች እንዲህ ልክ በልክ መግጠማቸው ጠንቃቃውን ሰው ያጠራጥረዋል። አዲስ ምድር የገባ ሰው መጀመሪያ ጫካ ይመነጥራል፤ እህል ይዘራል፤ ክረምቱን የሚያሳልፍበት ጎጆ ይቀልሳል። ለዘመናት የሚቆም ቤት የሚያቆመው ከዚያ በኋላ ነው። ነገር ግን ጥርጣሬ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ቤቱ የተሠራበትን ቀን የሚናገር የአናጢ ውል የለም፤ በበሩ ጉበን ላይ የተቀረጸ ዓመትም የለም።

ባለቤቱ ጆናታን ፌርባንክስ ይባላል። በእንግሊዝ ዮርክሻየር፣ በሃሊፋክስ አካባቢ የነበረ ሰው ነው፤ በ1633 ከሚስቱ ከግሬስና ከስድስት ልጆቹ ጋር ባሕር ተሻግሮ ቦስተን ደረሰ። ከዚያም ከዴድሃም መሥራቾች ጋር የከተማዋን ቃል ኪዳን ፈረመ። የዚያ ዘመን ፒዩሪታን የሚባሉት ፕሮቴስታንቶች ማኅበር አንድ ሰው የቤተ ክርስቲያን አባል ለመሆን ሲፈልግ እምነቱን በጉባኤ ፊት ቆሞ እንዲመሰክር ይጠይቅ ነበር። ጆናታን ይህን ለብዙ ጊዜ እምቢ አለ። የቤተ ክርስቲያኒቱ መዝገብ እንደሚለው በአደባባይ መመስከሩ ኅሊናውን ይከብደው ነበር፤ ብዙ የፍቅር ምክር ከተደረገለት በኋላ በ1646 በደስታ ተቀበሉት። ስለ ሰውዬው ጠባይ ከወረቀት ያገኘሁት የሚበልጠው ነገር ይህ ነው። ጎረቤት ሁሉ ሲገባ በሩ ላይ ቆሞ ዓመታት ያሰበ ሰው፣ ቤቱንም ሲሠራ የቸኮለ አይመስለኝም። በ1668 ሞተ። ቤቱ ግን ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ እያለ በስምንት ትውልድ እጅ አለፈ።

የጭቃ ቤት ሲሠራ እያየ ላደገ ሰው ይህን ቤት መረዳት አይከብድም። ቋሚ አለው፤ አግዳሚ አለው፤ ወራጅ አለው፤ በቋሚዎቹ መካከል ያለው ክፍተትም በጭራሮና በጭቃ ይሞላል። የሚለየው በአጽሙ ነው። የእኛ ቤት ቋሚዎች ብዙ፣ ቀጫጭንና ድቡልቡል ናቸው፤ ጉድጓድ ተቆፍሮ በምድር ይተከላሉ። የዚያ አገሮቹ ግን ጥቂት፣ ወፋፍራምና በአራት ማዕዘን የተጠረቡ ናቸው። መሬት አይነኩም። በድንጋይ መሠረት ላይ ዙሪያውን ትልቅ አግዳሚ ይጋደምና ቋሚዎቹ በእሱ ላይ ይተከላሉ። ቋሚውን ከአግዳሚው የሚያይዘው ብረት አይደለም። የአንዱ ጫፍ ምላስ ሆኖ ይጠረባል፤ በሌላው ላይ ለምላሱ ጉድጓድ ይፈለፈላል፤ አናጢዎቻችን ወንድና ሴት የሚሉት ዓይነት መገጣጠሚያ ነው። ምላሱ ከገባ በኋላ በጎን ተበስቶ የእንጨት ምስማር ይመታበታል። የጥሩ አናጢ ብልኃት ያለው እዚህ ላይ ነው፦ የምላሱን ቀዳዳና የጉድጓዱን ቀዳዳ ሆን ብሎ በጥቂቱ ያዛንፋቸዋል። ምስማሩ በተዛነፈው መንገድ ሲመታ ሁለቱን እንጨቶች ስቦ ያጣብቃቸዋል። እንጨቱ ሲደርቅ ደግሞ የበለጠ ይጨብጣል።

ሥራው የሚከናወነው መሬት ላይ ነበር። አናጢው የግድግዳውን አጽም ክፍል በክፍል አጋድሞ ያገጣጥመዋል፤ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ በሹል ብረት የሮማውያን ቁጥር ይጭርበታል፤ ከዚያ ይፈታዋል። በእጅ የተጠረበ ምላስ ከራሱ ጉድጓድ በቀር ሌላ ቦታ አይገባምና ቁጥሩ ባልና ሚስቱን እንዳይለያዩ ይጠብቃል። ቤቱ በሚቆምበት ቀን መንደሩ ይጠራል፤ በገመድና በምርኩዝ ግድግዳውን አንድ ላይ ያነሣል። ደቦ ማለት ነው።

ውስጡ ቀላል ነው። መሃል ላይ ትልቅ የጭስ ማውጫ፣ ከእሱ ግራና ቀኝ አንዳንድ ክፍል፣ ከላይም እንዲሁ። በኋላ ከጀርባ ዝቅ ያለ ተቀጥላ ተጨመረለት፤ ከዚያም በኋላ በግራና በቀኝ ክንፎች ተቀጠሉለት። ቤተሰብ ሲበዛ ቤት ይረዝማል። ከመጀመሪያው ቤት ዓይን የሚይዘው ግን በክፍሉ ጣሪያ መሃል ከዳር እስከ ዳር የተጋደመው፣ ኦክ የሚባለው ዛፍ ግንድ ነው። የላይኛውን ወለል ትናንሽ ተሸካሚዎች ሁሉ ጫፋቸው በዚህ ግንድ ላይ ተፈልፍሎ የገባ ነው። የታችኛው ጠርዙ ስለት እንዳይሆን ተሸርፏል፤ ሽርፉ ከጫፉ ጥቂት ሲቀረው ይቆማል። ቤቱን ያለዚያም ይሸከመዋል። ያንን ያደረገው አናጢ ለገበሬ ቤት ሲሠራም የሚያየው ሰው እንዳለ ያውቅ ነበር።

ሌላም ነገር ተገኝቷል። በእንጨቶቹ ላይ በኮምፓስ የተጫሩ፣ አበባ የሚመስሉ ክብ ምልክቶች አሉ፤ በግድግዳው ውስጥም ያረጁ ጫማዎች ተደብቀው ተገኝተዋል። ክፉ መንፈስ በጭስ ማውጫ ወርዶ እንዳይገባ፣ ዐይነ ጥላ በደጅ እንዳያልፍ ነው። የዚያ ዘመን እንግሊዛውያን ይህን በብዙ ቤት አድርገዋል። በአደባባይ ስለ እምነቱ ለመናገር የከበደው ሰው ቤት ውስጥ ይህ መገኘቱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ወረቀት ያልያዘውን ፍርሃት እንጨት ይዞታል።

ይህን ሁሉ ዛሬ ማየት የሚቻለው ቤቱ ባለመታደሱ ነው። ኤሌክትሪክም የቧንቧ ውኃም አልገባለትም። የመጨረሻዋ ነዋሪ ሬቤካ ፌርባንክስ ላጤ ነበረች፤ ብቻዋን ትኖርበት ነበር። በ1892 መብረቅ ቤቱን መታው፤ ውሻዋን ገደለባት፤ እሷ ተረፈች። በኋላ ገንዘብ አጠራት፤ ቤቱ ከእጇ ወጣ፤ ለአፍራሽ ሊሰጥ ሲቃረብ ለታሪክ የሚቆረቆሩ እናትና ልጅ ገዝተው አቆዩላት። ሬቤካ በ1904 ለቀቀች። ቤቱን የፌርባንክስ ዘሮች ማኅበር ገዛው፤ ከ1905 ጀምሮም ሙዚየም ነው። ሀብታም ወራሽ ቢያገኝ ኖሮ መስኮቱ ይሰፋ፣ ግድግዳው ይለሰን፣ ያ ጥቁር ግንድ ይሸፈን ነበር። ድህነት ያተረፈው ቤት ነው ብል አላጋነንኩም።

ሙዚየም ከሆነ በኋላ ጥያቄው ከረረ። ጎብኚ ይመጣል፤ ስንት ዓመቱ ነው ይላል። ከአጎራባች ከተሞችም እያንዳንዱ የራሱን ቤት የመጀመሪያው ነው ይላል። ለዚህ ክርክር ከሁሉ በላይ የደከመው አቦት ሎዌል ከሚንግስ የሚባል ሊቅ ነው። በማሳቹሴትስ የባሕር ወሽመጥ ዙሪያ የነበሩትን የጥንት ቤቶች አንድ በአንድ ዞረ፤ ጣሪያ ሥርና ምድር ቤት እየገባ መገጣጠሚያዎቻቸውን መረመረ፤ የውርስ መዝገቦችን አገላብጦ የትኛው አናጢ ከየትኛው የእንግሊዝ አውራጃ እንደመጣ ተከተለ። በ1979 ያሳተመው ስለ ማሳቹሴትስ ባለ እንጨት አጽም ቤቶች የሚናገር መጽሐፍ እስከ ዛሬ የዚህ ትምህርት ምሰሶ ነው። ዘዴው ቋንቋ እንደማወቅ ነው፦ የጎንደር ሰው ከወሎ ሰው በአነጋገሩ እንደሚለይ፣ አናጢም በአጠራረቡ ይለያል፤ የአባት አጠራረብም ከልጅ ይለያል። በዚህ መንገድ ቤቱ የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ዘመን ቤት እንደሆነ ማወቅ ተቻለ። ዓመቱን ግን አልሰጠም። አንድ አናጢ በሃያ ዓመቱ የተማረውን በስድሳ ዓመቱም ይሠራዋል፤ በመካከሉ አርባ ዓመት አለ። 1636 ነው ወይስ 1660 የሚለውን ጠርዝ አይቶ መለየት አይቻልም።

መልሱ የመጣው ከማይጠበቅ አቅጣጫ፣ የእንግሊዝ አናጢ ከሌለበት ከአሪዞና ደረቅ ምድር ነው።

አንድሩ ኤሊኮት ዳግላስ የከዋክብት ተመራማሪ ነበር። በ1894 ፐርሲቫል ሎዌል ለሚባል ባለጸጋ የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ቦታ ሊመርጥ አሪዞና ሄደ፤ ፍላግስታፍ ላይም ጣቢያው ተሠራ። ሎዌል በማርስ ላይ ሰው ሠራሽ ቦዮች አሉ ብሎ ያምን ነበር። ዳግላስ የአለቃውን መስመሮች ተጠራጠረ፤ በ1901 ከሥራው ተባረረ። የቀረው ጥያቄ ግን የራሱ ነበር። በፀሐይ ፊት ላይ የሚታዩት ጥቁር ነጠብጣቦች በአሥራ አንድ ዓመት ገደማ ይበዛሉ፣ ይቀንሳሉ። ይህ የምድርን ዝናብ ይነካል ወይ? ለመመለስ የብዙ መቶ ዓመት የዝናብ መዝገብ ያስፈልጋል፤ አሪዞና ውስጥ ግን መዝገብ ያዥ አልነበረም። ዛፍ ነበረ። በደረቅ አገር ዛፍ የሚያድገው በዘነበለት ልክ ነው። በዘነበ ዓመት ሰፊ ቀለበት፣ በደረቀ ዓመት ጠባብ ቀለበት ያወጣል። ዳግላስ ፍላግስታፍ ካለው የግንድ መሰንጠቂያ ሄዶ ጉቶና ግንድ መለካት ጀመረ።

ትልቁ ነገር የተገኘው ሲለካ ሳይሆን ሲያስተያይ ነው። አንዱ ጥድ ላይ ያየው ጠባብ፣ ጠባብ፣ ሰፊ፣ እንደገና ጠባብ የሚል ቅደም ተከተል ሌላው ጥድ ላይ ሳይዛነፍ አለ። ዛፎቹ አይተዋወቁም፤ ያጠጣቸው ሰማይ ግን አንድ ነው። አንድ ቀን ከከተማው ውጭ የቆየ ጉቶ አየ፤ ቀለበቶቹን በልቡ ከያዘው ቅደም ተከተል ጋር አስተያየና ዛፉ በዚህ ዓመት ተቆርጧል አለ። የመሬቱን ባለቤት ቢጠይቀው ልክ ነበር። ያቺ ቅጽበት ታላቅ ትመስለኛለች። ጉቶው የሞተ ነው፤ ከውጭ ስንት ዓመት እንደሞተ የሚናገር ነገር የለውም። ሆኖም ሰውዬው የሞቱን ዓመት ከሌሎች ዛፎች ምስክርነት አወጣው።

ከዚህ በኋላ ወደ ቤት መሻገሩ ጊዜ ይፈጃል እንጂ አይቀርም። በቻኮ ሸለቆ ውስጥ የጥንቱ ሕዝብ የሠራው ፑዌብሎ ቦኒቶ የሚባል ብዙ መቶ ክፍል ያለው የድንጋይ ሕንጻ አለ፤ ጣሪያውን የተሸከሙት ግንዶች በረሃው አድርቆ አቆይቷቸዋል። ቆፋሪዎቹ የግንዶቹን ቁራጭ ላኩለት። ዳግላስ እርስ በርስ አገጣጠማቸውና የትኛው ፍርስራሽ ከየትኛው በስንት ዓመት እንደሚበልጥ ነገራቸው። ቀስ በቀስ 585 ዓመት የሚሸፍን ተከታታይ ቀለበት ሰበሰበ። ችግሩ ይህ ተከታታይ በአየር ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ነው፤ ሕያው ከሆኑት ዛፎች ከወጣው ተከታታይ ጋር አልገናኝ አለ። የናሽናል ጂኦግራፊክ ማኅበር ገንዘብ ሰጠ፤ ከ1923 ጀምሮ ሦስት ዘመቻ ተደረገ፤ የዳግላስ ረዳቶች በየፍርስራሹ ግንድ ሲፈልጉ ከረሙ።

ጁን 22 ቀን 1929 ሾው ሎው በምትባል መንደር ከረዳቶቹ ሊንደን ሃርግሬቭና ኤሚል ሃውሪ ከፍርስራሽ ውስጥ የተቃጠለ ግንድ አወጡ። ከሰል የሆነ እንጨት ከአፈር ሲወጣ ይፈረፍራል፤ ስለዚህ በክር ይጠቀለልና በቤንዚን በቀጠነ ሰም ይነከራል። ኤችኤች 39 ተብሎ ተቆጠረ። ዳግላስ በዚያው ምሽት ከመንደሩ ሆቴል በመብራት ተቀምጦ ቀለበቶቹን አነበበ። የግንዱ መሃል በ1237 የጀመረ፣ ውጩ 1380 የደረሰ ነበር፤ ሁለቱን ተከታታዮች ባንድ ላይ ያዛቸው። የሚገርመው ሁለቱ ቀድሞውንም ይገናኙ ነበር። ከ1276 እስከ 1299 በዘለቀው ታላቅ ድርቅ ቀለበቶቹ እጅግ ከመቅጠናቸው የተነሣ ግን እርግጠኛ ሆኖ ለመናገር አልተቻለም ነበር። በዚያ ምሽት በደቡብ ምዕራቡ ምድር ያሉ ብዙ ፍርስራሾች ዓመታቸውን አገኙ። ፑዌብሎ ቦኒቶ ከ10ኛው እስከ 12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ሆኖ ተገኘ።

ደረቅ አገር ላይ የሠራው ዘዴ ዝናብ በማያጣ አገር ላይ እንዲሠራ ማንም ዋስ አልሆነም። በማሳቹሴትስም በጀርመንም ዛፍ ሁልጊዜ አይጠማም፤ ስለዚህ ቀለበቶቹ እንደ አሪዞና ጥድ አይጮኹም፤ ልዩነታቸው ስስ ነው። አንዱ ዛፍ በጎረቤቱ ጥላ ተጎዳ፣ ሌላው ትል በላው፤ ይህ ሁሉ የሰማዩን ምስክርነት ያደበዝዘዋል። በጀርመን ይሠራ የነበረው ብሩኖ ሁበር ኦክ በአውሮፓ ሊነበብ እንደሚችል አሳየ። በ1973 ደግሞ የቤልፋስቶቹ ቤይሊና ፒልቸር ሁለት ተከታታዮችን በኮምፒዩተር እየገፉ የሚያስተያይ ፕሮግራም አወጡ፤ ዓይን ሊያታልል በሚችልበት ቦታ ቁጥር ይፈርድ ጀመር። ማሳቹሴትስ ግን የራሷ የኦክ ተከታታይ እስኪሠራላት መጠበቅ ነበረባት፤ የእንግሊዝ ኦክ ያየው ዝናብ የቦስተን ኦክ ያየው አይደለም። ይህ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተሠራ። ሕያው ከሆኑት ዛፎች ተጀምሮ፣ በቅርብ ዘመን ከተሠሩ ቤቶች ወደ ቆዩት፣ ከቆዩት ወደ ጥንቶቹ እየተቀጣጠለ ወረደ።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። መርማሪው ግንድ አይቆርጥም። ውስጡ ባዶ በሆነ ረጅም መሰርሰሪያ ከውጭ ወደ መሃል ይበሳና እርሳስ የሚያህል ዘንግ ያወጣል፤ ቀዳዳውም በእንጨት ይደፈናል። ዘንጉ በሰሌዳ ላይ ተጣብቆ በብርጭቆ ወረቀት፣ መጀመሪያ በሻካራው፣ ኋላም በለስላሳው ይታሻል፤ እስኪያብረቀርቅ ድረስ። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ኦክ ከሌላ እንጨት ይልቅ ግልጽ ጽሕፈት አለው። በጸደይ ሲያብብ ውኃ የሚስብባቸውን ትላልቅ ቱቦዎች በአንድ ረድፍ ያወጣል፤ በዓይን ሲታዩ እንደ መርፌ ቀዳዳ ናቸው። በበጋው ደግሞ ጠጣር፣ ጠቆር ያለ እንጨት ይጨምራል። አንድ ረድፍ ቀዳዳና ከኋላው ያለው ጠጣር ክፍል አንድ ዓመት ነው።

ሁሉም ነገር የሚወሰነው ግን በመጨረሻው ቀለበት ነው። ከልጡ ሥር ያለው፣ ዛፉ ከመሞቱ በፊት ያወጣው የመጨረሻው። እሱ ካለ ዓመቱ ብቻ ሳይሆን ወቅቱም ይታወቃል፦ ቀዳዳዎቹ ብቻ ወጥተው ጠጣሩ ካልተከተለ ዛፉ በጸደይ ወድቋል፤ ቀለበቱ ሙሉ ከሆነ በብርዱ ወራት ተቆርጧል። እሱ ከሌለ መርማሪው ከዚህ ዓመት በኋላ ነው ከማለት አያልፍም። ከልጡ ቀጥሎ ያለው ነጣ ያለ እንጨት ለስላሳ ነው፤ ነቀዝ ይወደዋል። አናጢው ግንዱን አራት ማዕዘን ሲያደርግ መጀመሪያ ጠርቦ የሚጥለውም እሱን ነው። የተረፈው አናጢው ሰነፍ በሆነበት ወይም ግንዱ በጎደለበት ጥግ ላይ ነው፦ ማዕዘኑ ሙሉ ሳይሆን ቀርቶ የዛፉ ድቡልቡል ጀርባ እንዳለ የቆየበት ቦታ። ባለሙያ ጥንታዊ ቤት ገብቶ መብራቱን ወደ ውብ ጠርዝ አያበራም፤ ያልተጠናቀቀ ጥግ ነው የሚፈልገው።

ዛፉ የወደቀበት ዓመት ቤቱ የቆመበት ዓመት ነው ለማለትስ ምን ያበቃል? ኦክ ከደረቀ እንደ ብረት ይጠነክራል፤ በመጥረቢያ አይደፈርም። ስለዚህ አናጢው እርጥቡን ይጠርባል፤ ቤቱ ከቆመ በኋላ ይደርቃል። ጣሪያው የሰመጠውና ቋሚው የጠመመውም ከዚህ የተነሣ ጭምር ነው። በዛፉ ሞትና በቤቱ ልደት መካከል ያለው ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ነው። ከሌላ ቤት የተነቀለ አሮጌ ግንድ ገብቶ እንዳያሳስት ደግሞ ከአንድ ቦታ ሳይሆን ከብዙ ግንዶች ናሙና ይወሰዳል፤ ምስክሮቹ ይስማሙ እንደሆነ ይታያል።

በማሳቹሴትስ የተደረገው ምርመራ ለብዙ ቤተሰብ መራራ ነበር። ኒውበሪ ያለው የኮፊን ቤት 1654 ሲባል የኖረ ነው፤ ግንዱ 1678 አለ። ዶርቸስተር ያለው የፒርስ ቤት 1650 ገደማ ይባል ነበር፤ 1683 ሆኖ ተገኘ። ሶገስ ያለው የቦርድማን ቤትማ በ1650ዎቹ ተማርከው የመጡ ስኮትላንዳውያን የኖሩበት ነው የሚል ሙሉ ታሪክ ነበረው፤ ግንዱ የተቆረጠው እነሱ ከመጡ ከአራት አሥርት ዓመታት በኋላ፣ ቤቱም የ1692 ነው። ተረት ያወራው ሰው ዋሽቷል ማለት አይደለም። በዚያው ግቢ ቀድሞ የነበረ ቤት ፈርሶ አዲስ ሲሠራ፣ የፈረሰው ዓመት ለአዲሱ ተርፎለት ይሆናል። ቦታ ያስታውሳል፤ ሰው ቦታና ቤት ያቀላቅላል።

የፌርባንክስ ቤት ግንዶች ከ1637 እስከ 1641 ባሉት ዓመታት ላይ ቆሙ።

ቤተሰቡ ሲል የኖረው 1636 አልሆነም፤ በጥቂት ዓመታት ብቻ ሳተ። ሦስት መቶ ስልሳ ዓመት በአፍ ሲወርድ የኖረ ቁጥር ይህን ያህል ቀርቦ መገኘቱ ያስደንቃል፤ ሌሎቹ ሃያና አርባ ዓመት ሲስቱ አይተናል። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። እስከ ሬቤካ ዘመን ቤቱ አልተሸጠም፤ የሚያወሩት ሰዎች ሲያወሩ የተቀመጡት እዚያው ግንድ ሥር ነው። ዓመቶቹ ለሌላም ነገር ይበቃሉ። ጆናታን በቤተ ክርስቲያን ፊት ሳይቆም፣ ጎረቤቶቹ እየመከሩት፣ ቤቱ ቆሞ ነበር። መንደሩ ገና በጉባኤው ያልተቀበለውን ሰው ቤት ለማንሣት ገመድ ይዞ መጥቶ ነበር ማለት ነው። ይህን የነገረን መዝገብ የለም፤ የቀለበቱ ዓመትና የቤተ ክርስቲያኑ ዓመት ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚታይ ነው።

ይህ ሁሉ ለጥገና ትልቅ ትርጉም አለው። የበሰበሰ ግንድ አውጥቶ አዲስ መተካት ቤቱን ያድናል፤ ዓመቱን ግን ያጠፋል። በተለይ ያ ነጣ ያለ ጠርዝ ደካማና አስቀያሚ ስለሆነ ጠጋኝ ሁሉ ቀድሞ ይልገዋል።

ይህ ጉዳይ እኛንም ይመለከታል፤ ከአገራችን የቆዩ አብያተ ክርስቲያናት መካከል እንጨት የገባባቸው አሉ። ላስታ ያለው ይምርሐነ ክርስቶስ ግድግዳው አንድ ረድፍ ግንድ፣ አንድ ረድፍ ድንጋይ እየሆነ ነው የወጣው፤ ደብረ ዳሞም ዘመዱ ነው። ጽድ ቀለበት አለው፤ ተመራማሪዎችም የኢትዮጵያን ጽድ ቀለበት መርምረዋል፤ ከዓባይ ፍሰት ጋርም አስተያይተውታል። ከባዱ ነገር ዝናባችን ነው። በልግና ክረምት ባለበት ቦታ ዛፉ በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ሊነቃና ሁለት ቀለበት ሊያወጣ ይችላል፤ በደረቀ ዓመት ደግሞ በግንዱ አንድ ጎን ቀለበት ሳይወጣ ይቀራል። ስለዚህ ቆጠራ ብቻውን ያስታል። መፍትሔው አንዱን ቀለበት በሌላ ዘዴ መፈተን ነው፦ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተሞከሩት የኑክሌር ቦምቦች በዓለም አየር ላይ የጨመሩት የካርቦን ምልክት በዚያ ዘመን በቆመ ዛፍ ሁሉ ውስጥ አለ፤ የትኛው ቀለበት በየትኛው ዓመት እንደወጣ ይመሰክራል። ከሕያው ጽድ የሚጀምረው ተከታታይ እንዲህ ከጸና ቀጣዩ ክፍል ያለው በየደብሩ ጣሪያ ውስጥ ነው። ጣሪያ በታደሰ ቁጥር ከሚወርደው አሮጌ ወራጅ ልጡ ያልተላጠበትን ጎን መርጦ አንድ ክንድ ያህል መቁረጥ፣ ከየትኛው ደብርና ከየትኛው ጥግ እንደወጣ ጽፎበት በደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ለአሁኑ ይበቃል።